ምጣድ፣ ሽቦና ብሬከር፦ የቤትዎን አምፔር ደረጃ በደረጃ ማወቅ

በቀራንዮና በዙሪያው፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴልና ወይራ ሰፈር፣ እንዲህ ያለ ግቢ ብዙ ነው፦ ፊት ለፊት የባለቤቱ ቤት፣ ከጓሮ የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ ለሁሉም አንድ ቆጣሪ። ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ የተዘረጋው መስመር ዛሬ የሦስትና የአራት ቤተሰብ ምጣድ፣ ስቶቭና ፍሪጅ ይሸከማል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብሬከር ቢወርድ የሚደነቅ የለም።

ብሬከር መውረድ ሲያበዛ የሚወሰደው እርምጃም የታወቀ ነው፤ ባለ 16 አምፔሩን አውጥቶ ባለ 32 መግጠም። ከዚያ ወዲያ አይወርድም፣ ሁሉም ተገላገልን ይላል። ተገላገሉ የተባለው ግን ከዘበኛቸው ነው። ብሬከር የተቀመጠው ምጣዱን ወይም ፍሪጁን ሊጠብቅ አይደለም፤ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ሊጠብቅ ነው። ብሬከሩን ያሳደገ ሰው ሽቦውን አላሳደገም። ይህን የያዘ አንባቢ የቀረውን በወረቀት፣ በእስክርቢቶና በስልኩ ማስያ ሊደርስበት ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት

ከዚህ በታች ካለው ሥራ አብዛኛው ማንበብ፣ መቁጠርና መደመር ነው። የብሬከር ሳጥኑን ሽፋን መፍታት፣ ሶኬት መክፈት፣ ሽቦ መንካት የኤሌክትሪሺያን ድርሻ ነው። የቆጣሪው እሽግ ደግሞ ለኤሌክትሪሺያንም አይፈቀድም፤ ቆጣሪው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነውና የሚከፍተው የአገልግሎቱ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን መለኪያዎች ይለዩ

ቮልት ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል ነው። በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ነው፣ ድግግሞሹ 50 ኸርዝ። አምፔር በሽቦው ውስጥ በየሰከንዱ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ ስሙ ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከአንድሬ ማሪ አምፔር (1775–1836 እ.ኤ.አ.) የመጣ ነው። ዋት ዕቃው የሚወስደው ጉልበት ነው።

ሦስቱን የሚያያይዘው ስሌት አጭር ነው፦

አምፔር = ዋት ÷ ቮልት

ሽቦን የሚያሞቀው አምፔሩ ነው። ሙቀቱም ከአምፔሩ ጋር እኩል እየተራመደ አያድግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው «ትንሽ ብቻ ጨመርኩበት» የሚባለው ነገር በሽቦው ላይ ትንሽ የማይሆነው።

ደረጃ 2፦ የዕቃዎቹን ቁጥር ይጻፉ

ከየዕቃው ጀርባ ወይም ሥር የተለጠፈችውን ምልክት ይፈልጉ። ከዋት ምልክቱ ፊት ያለውን ቁጥር ወስደው ለ220 ያካፍሉ። በብዙ ቤት የሚገኙ ዕቃዎች ይህን ይመስላሉ፦

— የእንጀራ ምጣድ፣ 3,500 ዋት፦ 15.9 አምፔር
— ውሃ ማፍያ፣ 1,800 ዋት፦ 8.2 አምፔር
— ካውያ፣ 1,600 ዋት፦ 7.3 አምፔር
— ባለ አንድ ምድጃ ስቶቭ፣ 1,500 ዋት፦ 6.8 አምፔር
— ባለ ጋን የሻወር ማሞቂያ (ቦይለር)፣ 1,500 ዋት፦ 6.8 አምፔር
— ልብስ ማጠቢያ ውሃ ሲያሞቅ፣ 2,000 ዋት፦ 9.1 አምፔር
— ፍሪጅ፣ 150 ዋት፦ 0.7 አምፔር
— ቴሌቪዥን፣ 100 ዋት፦ 0.5 አምፔር
— ኤልኢዲ አምፖል፣ 10 ዋት፦ ከ0.05 አምፔር ያነሰ

ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ሲያዩት አንድ ነገር ይገለጣል፤ የሚያሞቅ ዕቃ ሁሉ ከላይ ነው። መብራት አጥፉ እያሉ ልጆችን መቆጣት ለብሬከሩ ምንም አይፈይድም፤ አንድ ምጣድ ከ300 በላይ የኤልኢዲ አምፖሎችን ያህል ይወስዳል። ጉዳዩ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ማሞቂያና ካውያ ላይ ነው።

ሞተር ያላቸው ዕቃዎች፣ ማለትም ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ፣ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሲነሡ ለአፍታ ከወትሮው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አምፔር ይስባሉ። ፓምፑ ሲነሣ አምፖሉ ለቅጽበት ፈዘዝ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 3፦ ምልክት የሌለውን ምጣድ በቆጣሪው ይለኩ

እዚሁ አገር በእጅ የተሠራ ምጣድ ብዙ ጊዜ የዋት ምልክት የለውም። ሻጩ የነገረዎትን ከማመን ቆጣሪውን ይጠይቁት። በዲጂታል ቆጣሪው ፊት ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት አለች። ከአጠገቧ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ 1000 ወይም 1600 ሊሆን ይችላል።

1. የቤቱን ዕቃ ሁሉ ያጥፉ፤ ምጣዱን ብቻ በሙሉ ኃይሉ ያብሩ።
2. በስልክዎ ሰዓት ይዘው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ይቁጠሩ።
3. ቁጥሩን በ60 አባዝተው ቆጣሪው ላይ ለተጻፈው ቁጥር ያካፍሉ። የሚያገኙት ኪሎዋት ነው።
4. ኪሎዋቱን በ1,000 አባዝተው ለ220 ያካፍሉ። አምፔሩን አገኙ።

ምሳሌ፦ ባለ 1000 ቆጣሪ በደቂቃ 58 ጊዜ ብልጭ ካለ፣ 58 × 60 ÷ 1,000 = 3.48 ኪሎዋት፤ 15.8 አምፔር ማለት ነው። ቆጣሪው ባለ 1600 ከሆነ ለዚያው ምጣድ 93 ጊዜ ያህል ይቆጥራሉ።

ቆጣሪውን ከተከራዮች ጋር የሚጋሩ ከሆነና ሁሉንም ማጥፋት ካልተቻለ፣ ምጣዱ ጠፍቶ አንድ ደቂቃ፣ በርቶ አንድ ደቂቃ ቆጥረው ልዩነቱን ይውሰዱ። በመሀል ሌላ ሰው ዕቃ እንዳያበራ ማስታወቅ ብቻ ነው። ይህ ዘዴ የመብራት ሂሳብ ሲከፋፈሉ የሚነሣ ክርክርንም ያበርዳል፤ የማን ምጣድ ስንት እንደሚበላ ቆጣሪው ራሱ ይናገራል።

ደረጃ 4፦ ብሬከሩን ያንብቡ

በብሬከሩ ፊት ላይ አንድ የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ለምሳሌ ሲ16። ቁጥሩ አምፔሩ ነው። ፊደሉ የድንገተኛ ጭማሪ ትዕግሥቱን ይነግራል፦ ቢ የተባለው አምፔሩ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲደርስ ወዲያው ይወርዳል፣ ሲ ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ ዲ ከ10 እስከ 20 እጥፍ። ፓምፕና ፍሪጅ ላለበት ቤት ሲ የሚመረጠው ሞተሩ በተነሣ ቁጥር እንዳይወርድ ነው። ከታች በአራት ማዕዘን ውስጥ 6000 የሚል ካለ፣ በከባድ ኮንታክት ጊዜ እስከ 6,000 አምፔር ድረስ ሳይፈነዳ መቁረጥ ይችላል ማለት ነው። በቤትዎ የሚጠቀሙበት አምፔር እንዳይመስልዎት።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ 16 የተባለ ብሬከር 16 አምፔር ሲያልፍ በዚያው ቅጽበት አይወርድም። በዓለም አቀፉ የብሬከር ደረጃ መሠረት የቁጥሩን 1.13 እጥፍ፣ ማለትም 18 አምፔር ያህል፣ ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ መሸከም አለበት፤ 1.45 እጥፍ፣ ማለትም 23 አምፔር ያህል፣ ሲያልፍበት በአንድ ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ምጣዱ 15.9 እየወሰደ ሳለ በዚያው መስመር ውሃ ማፍያ ቢጨመር 24.1 ይሆናል። ብሬከሩ ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ ይወርዳል። «ልጨርስ ስል ነው የሚጠፋው» የምትል ጋጋሪ የገለጸችው ይህንኑ ጠባይ ነው።

አሁን 32ቱ የተተካበትን መስመር በዚሁ መለኪያ ይዩት። ባለ 32 ብሬከር 36 አምፔር ያለ ማንገራገር ያሳልፋል፣ 46 አምፔርንም እስከ አንድ ሰዓት ሊታገሥ ይችላል። በግድግዳ ቱቦ ውስጥ ያለ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን በጥሩ ሁኔታ የሚችለው 24 አምፔር ገደማ ነው። 36 ሲያልፍበት የሚፈጠረው ሙቀት ከሚችለው ሁለት እጥፍ በላይ ነው። የሽቦው ልባስ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ብሬከሩ ግን ችግር አላየም።

ደረጃ 5፦ ሽቦውን ይወቁ

የሽቦ ውፍረት በስኩዌር ሚሊ ሜትር ይነገራል፤ ሱቅ ሄደው «ባለ 2.5» ሲሉ ሻጩ ይገባዋል። ለመዳብ ሽቦ የተለመደው አቻ ይህ ነው፦

— ባለ 1.5፦ ለመብራት መስመር፣ 10 አምፔር ብሬከር
— ባለ 2.5፦ ለሶኬት መስመር፣ 16 አምፔር
— ባለ 4፦ 20 ወይም 25 አምፔር
— ባለ 6፦ 32 አምፔር
— ባለ 10፦ 40 አምፔር

ብዙ ሽቦ በአንድ ቱቦ ከታጨቀ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ የሚችለው መጠን ይቀንሳል።

የገመዱ ሽፋን ላይ ውፍረቱ ታትሞ ይገኛል፤ 3 በ2.5 ማለት እያንዳንዳቸው 2.5 የሆኑ ሦስት ሽቦዎች ማለት ነው። አዲስ ሲገዙ ሽቦው ባለ አንድ ዘንግ ከሆነ በካሊፐር ያስለኩት፤ የባለ 1.5 ወርድ 1.38 ሚሊ ሜትር፣ የባለ 2.5 ደግሞ 1.78፣ የባለ 4 ወርድ 2.26 ሊሆን ይገባል። ከዚያ ጫፉን በቢላ ጠለቅ አድርገው ይቧጥጡ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ዋጋው የረከሰ ነው፣ የሚችለው አምፔርም ያንሳል።

የመስመሩ ደካማ ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ግድግዳው ውስጥ አይደለም፤ ሶኬቱና ኤክስቴንሽኑ ላይ ነው። ቀጭን ባለ ሁለት እግር መሰኪያ 2.5 አምፔር ብቻ ይችላል፤ ለቻርጀርና ለቴሌቪዥን ነው የተሠራው። ወፍራሙ ክብ መሰኪያ፣ በጎኑ የመሬት ብረት ያለው፣ 16 ይችላል። ዲቫይደር ላይ 16 ተብሎ ቢጻፍም ገመዱን ያንብቡ፤ ባለ 0.75 ከሆነ ከ6 አምፔር አካባቢ አይዘልም። ምጣድ በእንዲህ ያለ ገመድ ላይ መሰካት፣ በተለይ ገመዱ ተጠቅልሎ ሳለ፣ እሳት መጋበዝ ነው። ብሬከሩ አይደርስልዎትም፤ 15.9 ለእሱ የተፈቀደ ቁጥር ነው።

ደረጃ 6፦ የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ ይመዝግቡ

ቀን ላይ፣ ሁሉም ክፍል ውስጥ መብራት አብርተው፣ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ያውርዱ። አንዱ ሰው ሳጥኑ ዘንድ ይቁም፣ ሌላው እየዞረ ምን እንደጠፋ ይጩህ። ሶኬቶችን በስልክ ቻርጀር ይፈትሹ። ለእያንዳንዱ ብሬከር አንድ መስመር ይጻፉ፦ አምፔሩ፣ ክፍሎቹ፣ በእነሱ ላይ የሚሰኩት ዕቃዎች። በቆዩ ግቢዎች ከዋናው ቤት ሶኬት ተስቦ የወጣ የሰርቪስ ክፍል መስመር የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። የሳሎን ብሬከር ሲወርድ የጓሮ ተከራይ ከጨለመበት ያንን መስመር በወረቀቱ ላይ ያስምሩበት።

ደረጃ 7፦ ደምረው ያነጻጽሩ

በእያንዳንዱ መስመር አብረው የሚበሩትን ብቻ ይደምሩ። ድምሩ ከብሬከሩ ቁጥር ማነስ አለበት፤ ለረዥም ሰዓት ለሚቆይ ሥራ ደግሞ ከቁጥሩ 80 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። በ16 ላይ 13 ያህል፣ በ20 ላይ 16 ማለት ነው።

ከዚያ የግቢውን ጠቅላላ ያስሉ። ዋና ብሬከሩ 40 የሆነ ግቢ እንውሰድ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ምጣድ (31.8)፣ አንድ ቦይለር (6.8)፣ አንድ ውሃ ማፍያ (8.2)፣ ፍሪጆችና መብራት (2) ቢደመሩ 48.8 አምፔር ይሆናል። ዋናው ብሬከር ሊቆይም ሊወርድም በሚችልበት ወሰን ላይ ቆሟል። ሁለቱ ቤተሰቦች በተራ ቢጋግሩ ድምሩ 32.9 ይሆናል፣ ጉዳዩም ያልቃል። አዲስ ብሬከር፣ አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ቆጣሪ ሳይገዛ መፍትሔው ተራ ነው። ተከራይን «ምጣድ አይጣድም» ብሎ ከመከልከል የመጋገሪያ ቀን ተነጋግሮ መከፋፈል ይቀላል፣ ጉርብትናውንም ያሰነብታል።

በቆጣሪው ላይ 5 ከተጻፈ በኋላ በቅንፍ 60 የሚል ካለ፣ ቆጣሪው የሚችለው ጣሪያ 60 አምፔር ነው። ድምርዎ በተራ ተከፋፍሎም ወደዚያ ከተጠጋ፣ ጥያቄው ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚወሰድ የኃይል ማሻሻያ ወይም የባለ ሦስት ፌዝ ጥያቄ ነው።

ስለ በዓል ዋዜማ አንድ ነገር፦ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጋግርና ሲያበስል ቮልቱ ይወርዳል። አገልግሎቱ በየበዓሉ ፋብሪካዎች ጭነት እንዲቀንሱ የሚያሳስበው ከዚሁ ጋር ለተያያዘ ጉዳይ ነው። ቮልቱ ወደ 190 ሲወርድ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ ወደ 2,600 ገደማ ይወርዳል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ካለ ሊጡን ወይም ምጣዱን ከመውቀስዎ በፊት ሰዓቱን ያስቡ፤ ሌሊት ወይም ማለዳ የጋገረ ሰው ከዚህ ያመልጣል።

ደረጃ 8፦ ብሬከር ሲወርድ በስንት ጊዜ እንደወረደ ይመልከቱ

የወረደበት ፍጥነት ምክንያቱን ይናገራል።

ሲያነሡት በዚያው ቅጽበት ከወረደ ኮንታክት ነው። ደጋግመው አያንሡት። በዚያ መስመር ያለውን ዕቃ ሁሉ ነቅለው አንዴ ይሞክሩ፤ ከቆመልዎት ችግሩ ከዕቃዎቹ በአንዱ ላይ ነው፣ አንድ በአንድ እየሰኩ ያገኙታል። ባዶውንም ከወረደ ችግሩ መስመሩ ውስጥ ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

ከደቂቃዎች ወይም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከወረደ ጭነት በዝቷል። ወደ ደረጃ 7 ይመለሱ።

ብሬከሩ ሳይወርድ ሶኬቱ ከጋለ፣ ከጠቆረ፣ ጢስ ጢስ ከሸተተ ወይም ከጮኸ፣ ውስጡ ያለው ብሎን ላልቷል ወይም መንጋጋው ሰፍቷል። ይህኛው ከሁሉም አደገኛ ነው፤ አምፔሩ አልጨመረምና ምንም ብሬከር አያየውም። ምጣዱ ለአሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ አጥፍተው መሰኪያውን በደረቅ እጅ ነካ ያድርጉት። ለብ ካለ ደኅና ነው፤ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ሶኬቱ ሳይቀየር አይጋገርም።

ደረጃ 9፦ ለምጣዱ የራሱን መስመር ያሠሩ

በቤትዎ አንድ ነገር ብቻ ማሻሻል የሚችሉ ከሆነ ይህን ያድርጉ። ከሳጥኑ እስከ ማድ ቤት ሌላ ምንም የማይጋራው ባለ 4 መዳብ፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ መጨረሻው ላይ በሶኬት ፈንታ ባለ 20 ወይም 25 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ። ምጣድዎ 3,800 ዋት ከሆነ 17.3 አምፔር ስለሚወስድ የ16 ሶኬት መጀመሪያውኑ አይበቃውም፤ ብሬከሩም 25 ይሁን። ማድ ቤቱ ከሳጥኑ የራቀ ከሆነ ውፍረቱ ይበልጥ ያስፈልጋል፦ በ30 ሜትር ርቀት ባለ 2.5 ሽቦ ለምጣዱ ከመድረሱ በፊት 7 ቮልት ያህል ያስቀራል፣ ባለ 1.5 ደግሞ 11።

የመሬት ሽቦውን፣ አረንጓዴና ቢጫውን፣ ሳይገጥሙ እንዳያልፉ። የምጣዱ አካል ብረት ነው፤ ጋጋሪዋ እጇ በሊጥ የራሰ፣ ወለሉም እርጥብ ነው። እዚህ ላይ ብሬከር ሰውን እንደማያድን ማወቅ ግድ ነው። 10 ሚሊ አምፔር ያህል እጅን አስሮ መልቀቅ ያስቸግራል፤ ከ30 በላይ ደግሞ ለልብ ያሰጋል። ባለ 16 ብሬከር እስኪቆርጥ የሚጠብቀው ከዚያ ከ500 ጊዜ በላይ ነው። ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ነው፤ 30 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት ሲያመልጥ በሰከንድ ክፋይ ይቆርጣል። ፊቱ ላይ ቲ የሚል ቁልፍ አለ፤ በየጥቂት ወሩ ይጫኑት። ካልወረደ አይሠራምና ያስቀይሩት።

ይህን ሥራ የሚሠራልዎት ሰው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ እንዳለው ይጠይቁ። ሲመጣም «ብሬከሩን ከፍ አድርግልኝ» አይበሉት። «ሽቦው ስንት ይችላል?» ብለው ይጀምሩ። ሽቦውን ሳያይ ብሬከር የሚያሳድግ ባለሙያ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

የጻፉትን ወረቀት በብሬከር ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ይለጥፉት፤ ከሥሩ ሁለት ቁጥሮች ይጨምሩ፦ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት 905፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። አዲስ ተከራይ ሲገባ ወይም አዲስ ማሞቂያ ሲገዛ ከደረጃ 7 ጀምሮ እንደገና ይደምሩ።